የአሮጌ ዋንጫና የጃምቦ ገበያ፤ ዋጋ የሚቆርጠው ዕቃው ወይስ ማስረጃው?

ዛሬ «ዋንጫ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ኳስ ሜዳ ነው። ቃሉ ግን ወደ ስታዲየም ከመግባቱ በፊት የግብር አዳራሽ ቃል ነበር፤ ከቀንድ ተሠርቶ ጠጅ የሚቀዳበት መጠጫ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈችበት የአፍሪካ ዋንጫ ሳይቀር ስሙን የወረሰው ከዚሁ የጠጅ ዕቃ ነው።

ይህ ዕቃ ታዲያ ዛሬ ከነጋዴው እጅ የሚገባው እንዴት ነው? የልደታን አካባቢ መመልከት ይበቃል። በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የልደታ የመልሶ ማልማት ሥራ ሲጀመር አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተተክሏል። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ የጓዳ ዕቃ አብሮ ይወጣል። ከበሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ቆራሌው ነው፤ ወይም አሮጌውን በአዲስ ፕላስቲክ የሚለውጠው ልዋጭ። የአያት የቀንድ ዋንጫ፣ የተሰነጠቀ ብርሌ፣ የተዘጋ ግሮሰሪ የቢራ ብርጭቆ ሁሉም ከጠርሙስና ከቆርቆሮ ጋር በአንድ ጆንያ ይገባል።

ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በእርግጥም ከዚያ የበለጠ ዋጋ የለውም። ጥቂቱ ግን አለው። ጥቂቱን ከብዙው መለየት የማይችል ነጋዴ ወይ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ለማይረባ ዕቃ ገንዘቡን ያስራል፣ ከባሰም በሕግ ይጠየቃል።

«የመታሰቢያ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ አያመጣም

በውጭው ዓለም አሮጌና የመታሰቢያ መጠጫዎችን መሰብሰብ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። እንግሊዞች «ታንከርድ» የሚሉት ባለ እጀታና አብዛኛውን ጊዜ ባለ ክዳን ትልቅ የቢራ መጠጫ ከብር፣ ከቆርቆሮ ቅይጥ ወይም ከሸክላ ይሠራል። ለንግሥና፣ ለድል ወይም ለኢዮቤልዩ ተብሎ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ደግሞ የመታሰቢያ ዕቃ ይሆናል። የሙኒክ የቢራ በዓል ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ለሰብሳቢዎች አንድ ኦፊሴላዊ ማሰሮ ያወጣል።

ይሁንና የዚህ ገበያ ታሪክ ለገዢ የሚሰጠው ትምህርት ጥንቃቄ ነው። የአድዋ ድል በተገኘበት በ1896 እ.ኤ.አ. የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ዘውድ ሲጭኑ ለሕዝቡ የሚታደል 400 ሺሕ የስጦታ ጥቅል ተዘጋጅቶ ነበር። በጥቅሉ ውስጥ የንጉሡ ምልክት ያለበት የኢናሜል ኩባያ ይገኛል። በሞስኮው የኾዲንካ ሜዳ በተፈጠረው ግፊያ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ኩባያውም «የኀዘን ጽዋ» የሚል ስም ወጣለት። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ስምንተኛ ዘውድ የሚጭኑበት ቀን ለግንቦት 12 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. ተቆርጦ የመታሰቢያ ኩባያው በብዛት ከተመረተ በኋላ፣ ንጉሡ በታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ለቀቁ።

ሁለቱም ታሪኮች የሚያስደንቁ ናቸው። ነገር ግን ኩባያዎቹ እጅግ በብዛት ስለ ተሠሩ ዛሬም በገበያ ላይ ይገኛሉ። ዋጋ የሚወጣው ታሪክና ብርቅነት አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። በፋብሪካ በሺዎች ተመርቶ በየቤቱ ቁም ሣጥን የተቀመጠ ዕቃ «የመታሰቢያ» ስለ ተባለ ብቻ አይወደድም። ብርቅ የሚሆነው ማንም ሊያስቀምጠው ያላሰበው ነው።

ጃምቦ፤ ትናንት የተጣለው

በእኛ አገር ማንም ሊያስቀምጠው ያላሰበው ዕቃ ጃምቦው ነው። የድራፍት ብርጭቆ ሲሰበር ይጣላል፤ አርማው ሲጠፋም በሌላ ይተካል። ለዚህ ሰፈር ደግሞ ቢራ እንግዳ አይደለም፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠራው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተጠመቀው ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው።

ጃምቦ የሚሰበስብ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያው የፋብሪካዎች ዕድሜ ነው። ሜታ ቢራ ሰበታ ላይ የተቋቋመው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐረር በ1984፣ በደሌ በ1993፣ የጎንደሩ ዳሽን በ2000። ስለዚህ «የጃንሆይ ዘመን ነው» ተብሎ የቀረበ የሐረር ቢራ ብርጭቆ ገና ከበሩ ውሸት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የባለቤትነት ለውጥ ነው። ደርግ የወረሳቸው የቢራ ፋብሪካዎች ኋላ አንድ በአንድ ወደ ግል ተዛውረዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቢጂአይ ገዛ። ሐረርንና በደሌን በ2011 እ.ኤ.አ. ሔኒከን፣ ሜታን በ2012 ዲያጂዮ ወሰዱ፤ ሜታ በ2022 እንደገና ወደ ቢጂአይ ዞረ። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አርማና ጽሑፍ ሊለወጥ ይችላል፤ የቀድሞው ጽሑፍ ያለበት ብርጭቆ ካለቀ አለቀ ማለት ነው። ገዢ የሚመለከተው አፉ አለመሸረፉን፣ ጽሑፉ አለመፋቁንና ቀለሙ በኋላ ያልተለጠፈ መሆኑን ነው።

ብርና ቀንድ እንዴት ይታወቃሉ?

የብር መጠጫ ዝቅተኛ ዋጋው የሚታወቀው በሚዛን ነው። የአገራችን ብር ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ያቀልጡት የነበረው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ሲመዝን ከሺሕ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ማለትም 23.4 ግራም ያህል። በመሆኑም «ንጹሕ ብር ነው» የተባለ የአገር ቤት ሥራ በዚህ ልክ ወይም ከዚያ በታች ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። የእንግሊዝ ብር የጥራት ማኅተም አለው፤ የእኛ ሠሪዎች ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ከብሩ ሚዛን በላይ የሚጠየቀው ገንዘብ በሙሉ የታሪክ ዋጋ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል።

የተጻፈበት ቀን ካለ ይመርመር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ሲሆን ይህም በአውሮፓውያን ኅዳር 2 ቀን 1930 ነው። በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፳፫ መባል ሲገባው ፲፱፻፴ ብሎ የቀረጸ ሰው ከውጭ መጽሐፍ ቀድቶ ዘመኑን ሳያዞር እንደ ሠራው ያሳብቅበታል።

የቀንድ ዋንጫ ከበሬ ወይም ከጎሽ ቀንድ በሙቀት ተለስልሶ ይሠራል። ወደ ብርሃን ቢይዙት የንብርብሩ መስመር ይታያል፤ በፕላስቲክ አስመስሎ የተሠራው ግን አንድ ወጥ ነው። ከሥሩ ጥቂት ተፍቆ ቢቃጠል ቀንድ እንደ ጠጉር ይሸታል። የእውነተኛው ቀንድ ጠላት ነቀዝ፣ ድርቀትና ፍል ውኃ ነው። ለሽያጭ ብሎ በፍል ውኃ የሚያጥበው ነጋዴ የራሱን ዕቃ ያጣምማል።

ሕጉ የሚለው

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቀድሞው ዘመን ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ዋንጫ የመኳንንት ዕቃ ነበር፤ መርዝን ያሳውቃል ተብሎም ይታመን ነበር። የአውራሪስ ቀንድ ግን ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያም ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የተደረገውን ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ውጭ ይወጣል ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እንደ ጣለ ይቁጠረው።

በ1992 ዓ.ም የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ የግለሰብን ባለቤትነት ያውቃል፤ ግዴታም ያስከትላል። ቅርስ ይመዘገባል፣ ይጠበቃል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ለንግድ ብሎ ቅርስ መግዛትና መሸጥም አይፈቀድም። የፋብሪካ ጃምቦና አዲስ የቀንድ ሥራ ከዚህ ጋር ችግር የለበትም። አሮጌና ታሪክ ያለው ዋንጫ ሲገኝ ግን ዋጋ ከመነጋገር በፊት ጉዳዩን ለቅርስ ባለሥልጣን አቅርቦ ማስመርመር ይገባል። ደላላውም «አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይታለፋል» በሚል ተስፋ ኮሚሽኑን ባያሰላ ይሻለዋል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ ከተዘረፉት ዕቃዎች መካከል የቀንድ ዋንጫዎች ይገኙ ነበር። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሲቀርቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመ፤ ዕቃዎቹም ከጨረታው ወጡ። በኋላ ሸሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቶ ለኤምባሲው አስረከበ፤ በብር የተለበጡት ዋንጫዎችም በ2014 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ።

ነጋዴ ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። ለዋንጫዎቹ ዋጋ የሰጣቸው የተዘረፉበት ታሪክ ነው፤ ከጨረታው ያስወጣቸውም ያው ታሪክ ነው። ማስረጃ ዋጋ ይጨምራል፣ ማን መሸጥ እንደማይችልም ይናገራል።

ከግዢ በፊት

የዚህ ገበያ ዕቃ እንደ ቡና ወይም እንደ ሲሚንቶ በየሳምንቱ የሚነገር ዋጋ የለውም። ገዢው ጥቂት ነው፤ ገንዘብ ለዓመታት ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ለጦም አዳሪ ገንዘብ የሚሆን ሥራ አይደለም።

የሚገዛ ሰው ከማን እንደ ገዛ፣ ዕቃው ከየትኛው ቤት እንደ ወጣና መቼ እንደ ሆነ ያጽፍ፤ ደረሰኝም ይያዝ። ዕቃው ካለበት ቤት ሳይወጣ ፎቶግራፍ ቢነሣ ደግሞ የተሻለ ነው። ሻጩም ቢሆን የአያቱን ዋንጫ ለልዋጭ ከመስጠቱ በፊት በቤቱ ያሉትን ሽማግሌ ይጠይቅ። ያ ታሪክ ካልተጻፈ ከሽማግሌው ጋር ይሄዳል፤ ዋንጫውም ከዚያ በኋላ ተራ ቀንድ ነው።