መምህሩ ከፍተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ዝቅተኛ

ጥር ላይ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ታርሞ ሮስተር ሲሞላ፣ በደምቢያዋ ከተማ በቆላ ድባም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ማርክ ሰጪው ራሱ ማርክ የሚቀበልበት ሰሞን ይመጣል። ተማሪው ካርዱን ይጠብቃል፤ መምህሩ ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚባለውን ወረቀት። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል። የደረጃ ዕድገት በዚህ ስለሚወሰንና ደመወዝም ደረጃን ስለሚከተል፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብዙ ክርክር የሚያስነሳ ወረቀት ነው።

ምን ይጠይቃል? ዓመታዊና ዕለታዊ ዕቅድ ተዘጋጅቷል ወይ፣ መምህሩ በሰዓቱ ይገባል ወይ፣ ተከታታይ ምዘና ይሰጣል ወይ፣ ወደኋላ ለቀሩት ማጠናከሪያ አስተምሯል ወይ፣ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር የማስተማሪያ መርጃ ሠርቷል ወይ፣ ክበብ ይመራል ወይ፣ በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅበትን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አሟልቷል ወይ። የእነዚህ የአብዛኞቹ ማስረጃ በማህደር ይቀመጣል። ስለዚህ ማህደሩን በሥርዓት የሚይዝ መምህር ግማሹን መንገድ ተሻገረ ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ክፍልፋይ መደመር ቻሉ አልቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

መዛኞቹ ብዙ ናቸው። ርእሰ መምህሩና ምክትሉ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪው፣ ባልደረቦች፣ ተማሪዎች፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ደግሞ ወላጆች እንደየጊዜው መመሪያ ከፍና ዝቅ የሚል ድርሻ ሲኖራቸው ቆይቷል። የደምቢያ ገበሬ ጥር ላይ ከዋልካ መሬቱ ላይ ሽምብራውን ሊሰበስብ ነው የሚጣደፈው፤ የሒሳብ መምህሩ እንዴት እንደሚያስተምር ቁጭ ብሎ አላየም። እንዲያም ሆኖ ማንም ኢንስፔክተር የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል፤ ልጁ «ዛሬ መምህር አልገባም» ብሎ ስንት ቀን በጊዜ ወደ ቤት እንደመጣ። ተማሪውም እንዲሁ ነው። የትምህርት ዕቅድ ምን እንደሚመስል አያውቅም፤ ጥያቄ ሲጠይቅ የሚቆጣውንና ደግሞ የሚያስረዳውን መምህር ግን አሳምሮ ይለያል። በእኔ ግምት ወላጅም ተማሪም መጠየቃቸው ትክክል ነው። ስህተቱ የማያዩትን ነገር እንዲመዝኑ የሚሰጣቸው ጥያቄ ላይ ነው።

ይህ አሠራር የመጣው የ1986ቱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ከወጣው የመምህራን የደረጃ መሰላል ጋር ነው። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል፤ በኋላ ከላዩ ሌሎች እርከኖች ተጨምረውበታል። ለመውጣት የአገልግሎት ዘመንና የምዘና ውጤት ይጠየቃል። ሲጀመር ብዙ መምህራን አልወደዱትም፤ ተማሪና ወላጅ መምህርን ይመዝናል መባሉ እንደ ውርደት የታያቸው ነበሩ።

ከመምህሩ ሌላ ትምህርት ቤቱም ራሱ ይመዘናል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉት። ከመቶው ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ይይዛል። ከ50 በታች ያመጣ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ 4 ይባላል። ስታንዳርዱን አሟልቷል የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው፤ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ግን ደረጃ 1 እና 2 ላይ ተከማችተው ቆይተዋል።

ነገሩ እንቆቅልሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ደረጃ 2 ሆኖ የመምህራኑ የግል ውጤት ከላይኛው ጫፍ ይደረደራል። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ርእሰ መምህሩን ሐሰተኛ ማለት ይቀላል፤ ግን ቦታውን ቆም ብሎ ማየት ያሻል። ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጠ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ቅሬታ ሰሚ ፊት ይቆማል፤ ከዚያ መምህር ጋር ነገም ሻይ ይጠጣል፤ ምናልባትም በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። በዚያ ላይ የሚጽፈው ቁጥር የሰው እንጀራ ይነካል። የደመወዙን ማነስ እያወቀ፣ ሦስት ነጥብ ቀንሶ የአንድን አባወራ ዕድገት የሚያዘገይ ማን ነው? ስለዚህ ሁሉም ወደ ላይ ይጠጋል፤ ጎበዙ መምህር የሚጠፋውም እዚያው ክምር ውስጥ ነው።

የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስል፣ አሜሪካም ያው ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 በ4 ግዛቶች ባሉ 12 የትምህርት አስተዳደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ዝቅተኛ የተባሉት መምህራን ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ። ከዚያ በኋላ የጌትስ ፋውንዴሽን 3,000 ያህል መምህራንን ይዞ የተማሪ ውጤት ለውጥን፣ የክፍል ምልከታንና የተማሪ አስተያየትን አጣምሮ መመዘንን አስጠና። ምልከታው ከአንድ በላይ በሆኑ ተመልካቾች ሲደረግ ይበልጥ እንደሚታመንም ተገኘ። ይሁንና በጥቂት አስተዳደሮች ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበትን ተመሳሳይ ፕሮጀክት ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲገመግመው፣ የተማሪዎቹ ውጤት በታሰበው ልክ አልተሻሻለም ነበር።

በፈተና ውጤት ብቻ እንመዝን የሚሉም አሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ጣት ሁሉ መምህሩ ላይ ተቀሰረ። ግን የ12ኛ ክፍል መምህር የሚቀበለው የ11 ዓመት ዕዳ ያለበትን ልጅ ነው። ጣና ዳር ባሉት የደምቢያ ቀበሌዎች ደግሞ የመገጭና የድርማ ሙላት አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሁሉም ያውቃል። ለተዘጋ ክፍል ማንን ዝቅተኛ እንበል?

ከሁሉም የሚሻለው መሣሪያ አለን፤ የክፍል ምልከታ ይባላል። የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር በሥሩ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቼክሊስት ይሞላል። ችግሩ መምጣቱ ቀድሞ ይታወቃል፤ ያን ቀን መርጃ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጎበዝ ተማሪዎችም ፊት ይቀመጣሉ። የዓለም ባንክ ያዘጋጀው መመልከቻ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት የ15 ደቂቃ ምልከታ ይበቃኛል ይላል፤ የሚያየውም መምህሩ ልጆቹ መረዳታቸውን እየጠየቀ ያረጋግጣል ወይ የሚለውን የመሰለ ነገር ነው። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማየት ከማህደር ብዙ ይናገራል።

ቆላ ድባ ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1940ዎቹ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ለልምምድ ከሚያሰማራባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ የቆላ ድባው ነበር፤ የሙያ ብቃት በሥራው ቦታ፣ በአሠልጣኝ ፊት የሚታይበት ልማድ እዚሁ ነበረ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት ከዚያ ይቀድማል። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ማስመስከር አለበት፤ አቋቋም ከሆነ ጎንደር በአታ። መስካሪው ሙያውን ራሱ የሚያውቅ ነው፤ ቅጽ አይሞላም፤ ያዜማል፣ ያስዜማል፣ ስህተት ሲሰማ ያስቆማል። መምህሩ ወንበር ከተከለ በኋላም የቆሎ ተማሪው በእግሩ ይመዝነዋል፤ ካልረባው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል።

የዘመኑ የሙያ ፈቃድ ምዘናም ከዚህ ጥቂት እንዲወስድ እመኛለሁ። 80 በመቶው የጽሑፍ ፈተና፣ 20 በመቶው ማህደረ ተግባር ነው፤ መምህሩ ልጆች ፊት ቆሞ ሲያስተምር የሚታይበት ጊዜ አልተመደበለትም። ለወረዳም ለርእሰ መምህርም ከአሁኑ የሚቻል ነገር አለ። ምልከታውን ከነጥቡ መለየት ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ያየውን በደብተር ጽፎ፣ የዚያኑ ቀን ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋግሮበት፣ ደብተሩን ለመምህሩ ትቶለት ይሂድ። ለደረጃ ዕድገቱ የሚሞላው ቅጽ በጥር ይደርሳል።