ከአሰላ ሳይነሡ፦ የጭንቅላት ኤምአርአይ ከኮንትራስት ጋር

ከበቆጂም ይምጣ ከሳጉሬ ወይም ከዴራ፣ ሕመሙ የጠናበት የአርሲ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። የጭንቅላት ኤምአርአይ ሲታዘዝ ግን ብዙዎች ሪፈር ይዘው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዳማ፣ 175 ያህል ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ኖረዋል። የአስታማሚ፣ የአልጋና የትራንስፖርት ወጪ ሲደመርበት ምርመራው የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ይነካል። ስለዚህ በማዘዣው ላይ የሰፈረው «ከኮንትራስት ጋር» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል አሰላ ላይ ሳሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤምአርአይ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን በጨረር አይሠራም፤ የሚጠቀመው ኃይለኛ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ለዚህ የምርመራ ስልት ባበረከቱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኮንትራስት የሚባለው ደግሞ ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ብረቱ ብቻውን መርዛማ በመሆኑ በሌላ ኬሚካል ታስሮ ይሰጣል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጤነኛ የአንጎል ደም ሥር ይህን መድኃኒት ወደ አንጎል አያሳልፍም። ዕጢ፣ መግል ወይም ኢንፌክሽን ይህን አጥር ያፈረሰበት ቦታ ላይ ግን ይሰርግና በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ለእኛ አገር ሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቲቢ ማጅራት ገትር በአንጎል ግርጌ ያለውን ሽፋን ሲያቆስል፣ ወይም ቲቢ አንጎል ውስጥ እባጭ ሲያበጅ ከኮንትራስት በኋላ ጎልቶ ይታያል። እባጩ ብዙ ጊዜ ዙሪያው እንደ ቀለበት ያበራል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ የሚያመጣው እባጭም እንዲሁ ይታያል፤ ስለዚህ ፎቶው ብቻውን አይፈርድም፣ የደምና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ አብሮ ይታያል።

ሁሉም ሕመም ግን ኮንትራስት አይፈልግም። ስትሮክ ያለ መድኃኒቱም ይነበባል። ለረጅም ጊዜ የቆየ የሚጥል በሽታም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያለ ኮንትራስት ይመረመራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አዳርሰው ከሺህ ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሲያረጋግጡ የተማመኑት በጥያቄና በሐኪም ምርመራ ነበር። በሽተኛው ክብሪት ቢያሸትቱትም ማሽን ውስጥ ቢገባም መድኃኒቱን በየቀኑ ካልወሰደ ለውጥ የለም።

ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ የምርመራው ክፍል በር ላይ የሚጠየቀው በሰውነት ውስጥና በላይ ስላለ ብረት ነው። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ መቆንጠጫ፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት፤ በብየዳ ሥራ የኖረ ሰው ደግሞ ዓይኑ ውስጥ የገባ ብናኝ። የአንገት መስቀል፣ የሂጃብ መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ስልክ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ከዚያ ክንድ ላይ ካኑላ ይገባል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ጭንቅላት ኮይል በሚሉት ቁር መሰል ነገር ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኑ ይደበድባል፤ አይንቀሳቀሱም። መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ይነሣል፣ ቀጥሎ ጋዶሊኒየሙ ይሰጥና እንደገና ይነሣል። ለ60 ኪሎ ሰው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ክንድ ላይ ቅዝቃዜ ወይም ጥቂት ማቅለሽለሽ ሊሰማ ይችላል፤ ከባድ አለርጂ እጅግ ጥቂት ነው።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ኩላሊት ሲደክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኩላሊታቸው እጅግ የደከመ ሰዎች ቆዳና የውስጥ አካል የሚያደርቅ በሽታ ከዚህ መድኃኒት ጋር ተያያዘ። በ2017 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ብረቱን ላላ አድርገው የያዙትን አብዛኞቹን ዓይነቶች ከአጠቃቀም ሲያግድ፣ ብረቱን እንደ ቀለበት ከበው ጠብቀው የሚይዙት ቀጠሉ። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ያስወጣዋል፤ ጥቂቱ ግን ሰውነት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ነፍሰ ጡር እጅግ ካላስፈለገ አይሰጣትም። የምታጠባ ግን ማጥባቷን አታቋርጥም።

የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የክሪያቲኒን ምርመራ በተራ ላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ፣ ወረፋ ይዞ፣ «ኩላሊትህን ተመርምረህ ና» መባል ግን አንድ ቀንና የአንድ ቀን አልጋ ያስከፍላል። ሐኪሞች ሪፈሩ ላይ «ኤምአርአይ» ብለው ብቻ አይተዉት፤ ምን እንደሚጠረጠርና ኮንትራስት ለምን እንደተፈለገ ይጻፉበት። እርስዎም አሰላን ሳይለቁ ኩላሊትዎን ይመርመሩ፣ በሰውነትዎ ውስጥ ስላለ ብረትና ስለ እርግዝና ይናገሩ፣ የቀድሞ ፎቶና ውጤት ካለዎት ይያዙ። ሲመለሱም ፊልሙንና ሲዲውን ላዘዘልዎ ሐኪም ያድርሱ።