በባዕድ ሀገር የታየች ወፍ በጋውን ጣና ዳር ያሳለፈች ልትኾን ትችላለች

በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በሀገራችን የበልግ ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት፣ የመካከለኛው ምሥራቅና የአውሮፓ ብርድ ለቅቆ ሜዳው በአበባ ይሸፈናል። በዚህ ጊዜ ለሥራ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለትንሣኤ በዓል ወደ እስራኤል የሚያቀና መንገደኛ ሰማዩን ቀና ብሎ ቢመለከት፣ አይቷቸው የማያውቅ የሚመስሉት አእዋፍ በሺህዎች ኾነው ሲያልፉ ያያል። ከእነዚህ መካከል ግን በጋውን በእኛው ማሳና ሐይቅ ዳር የከረሙ አሉ።

እስራኤል አፍሪካን ከእስያና ከአውሮፓ የምታገናኝ ጠባብ የየብስ መሸጋገሪያ ናት። እንደ ሽመላ ያሉ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ነው። ይህ አየር በሰፊ ባሕር ላይ ስለማይገኝ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ ከማቋረጥ ይልቅ በየብስ ዞረው ያልፋሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመሄጃና በመመለሻ፣ በየጊዜው 500 ሚሊዮን ገደማ የሚገመቱ አእዋፍ በዚያች ሀገር ሰማይ ላይ ያልፋሉ። በደቡብ ጫፍ የምትገኘው ኤላት ሰሃራንና ሲናን አቋርጠው ለደከሙ ትንንሽ ወፎች ማረፊያ ናት፤ በሰሜን ያለው የሑላ ሸለቆ ደግሞ የውኃ ዳር አእዋፍ መሰብሰቢያ ነው።

የማያውቋትን ወፍ ለመለየት ስሟን ከመፈለግ በፊት በሚገባ መመልከት ይቀድማል። መጀመሪያ መጠኗን ከሚያውቁት ማነጻጸር ይገባል፤ ከድንቢጥ ትበልጣለች? ከርግብስ? ከዶሮስ? ቀጥሎ ምንቃሯ ይታያል። አጭርና ወፍራም ምንቃር ጥሬ ለመፈልፈል፣ ቀጭንና ረጅሙ ከጭቃ ውስጥ ለመልቀም፣ ቆልማማው ሥጋ ለመቦጨቅ የተሠራ ነው። ሦስተኛው አበራረሯ ነው። ሳቢሳ አንገቷን አጥፋ ስትበርር፣ ሽመላ ግን አንገቷን ወደፊት ዘርግታ ትሄዳለች። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻ መያዝም ይጠቅማል። መርሊን የተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ በፎቶግራፍ ወይም በድምፅ ወፏን ለመለየት ያግዛል።

ለምሳሌ ክሬን የምትባለውን ወፍ እንውሰድ። እርሷም እንደ ሽመላ አንገቷን ዘርግታ ስለምትበርር ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ሽመላ ግን ነጭ ገላ፣ ጥቁር የክንፍ ጠርዝ፣ ቀይ ምንቃርና ቀይ እግር አላት፤ ስትበርርም ዝምተኛ ናት። ክሬን ግራጫ ኾና በአናቷ ላይ ቀይ ምልክት አለባት፤ ጥሩምባ የሚመስለው ድምፅዋም ከሩቅ ይሰማል። ይህች ወፍ በጣና ሐይቅ ዙሪያ በብዛት የምትከርም እንግዳችን ናት። በኢስቶኒያ መከታተያ መሣሪያ ከተደረገላቸው ክሬኖች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ ተገኝተዋል።

የሑላ ገበሬዎች ክሬኖች የኦቾሎኒና የሽምብራ ማሳቸውን እያበላሹባቸው ተቸግረው ነበር። መፍትሔ ኾኖ የተገኘው በተለየ ቦታ በቆሎ እየበተኑ ወፎቹን መመገብ፣ ከሌላው ማሳ ደግሞ ማባረር ነው። ሽመላ በአንጻሩ አንበጣና ፌንጣ እየለቀመች ገበሬውን ታግዛለች። እንግዲህ ማሳ ላይ ያረፈችውን ወፍ ሳይለዩ መርዝ ማስቀመጥ ወዳጅን ከባላጋራ ጋር መግደል ነው። በአንድ ሀገር በእንክብካቤ የተያዘች ወፍ በሌላው ከጠፋች ኪሳራው የሁለቱም ነው።

ተጓዦች ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጉዳዮችም አሉ። ጎጆ ወዳላት ወይም ከረጅም በረራ በኋላ ወዳረፈች ወፍ መቅረብ ጉልበቷን ያባክናል። በወታደራዊ ሥፍራና በድንበር አካባቢ የርቀት መመልከቻ መነጽርና ካሜራ ማውጣት ለጥርጣሬ ይዳርጋል። የሞተች ወይም የታመመች ወፍም በእጅ አትነካም፤ እ.አ.አ በ2021 መጨረሻ በሑላ በተከሠተው የወፍ ጉንፋን ከ5 ሺህ በላይ ክሬኖች ሞተዋል። ቤቱ ዶሮ የሚያረባ ሰው ከእንዲህ ያለ ሥፍራ ሲመለስ ጫማውን ማጽዳት ይኖርበታል።

ወፏን በዚያ በስሟ የለየ መንገደኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በጣና ዳር ባለ ማሳ ላይ ሲያገኛት ከየት እንደመጣች ለጎረቤቱ ማስረዳት ይችላል።