መጽሐፍ ተውሶ ራሱን የተከላከለው ጆሴፍ ሃው

በማታ ትምህርት ክፍሎቻችን ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ትምህርቴን ካቋረጥኩ ቆይቷል፤ አሁን መጽሐፍ ባነብ ምን ይፈይድልኛል?» የሚል ነው። የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ለመቅዳትና ራሽን ለመቀበል ተሰልፎ የዋለ ሰው ማታ ደብተሩን ሲገልጥ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛም ምክር ከመደርደር የአንድ ሰው ታሪክ ብናቀርብ ይሻላል ብለን ስለ ካናዳዊው የአገር መሪ ስለ ጆሴፍ ሃው ጽፈናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስደተኛ ልጅ

ጆሴፍ ሃው ታኅሣሥ 13 ቀን 1804 በሃሊፋክስ ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ ዛሬ ካናዳ የምንላት አገር ገና አልተመሠረተችም። ሃሊፋክስ የምትገኝበት ኖቫ ስኮሺያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች፣ ለብቻዋ የምትተዳደር የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች።

አባቱ ጆን ሃው የአገሩ ተወላጅ አልነበሩም። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የኅትመት ሥራ የተማሩ ሰው ነበሩ። የአሜሪካ አብዮት ሲነሳ ከእንግሊዙ ንጉሥ ጎን ቆሙ። ስለዚህ በ1776 የእንግሊዝ ጦር ቦስተንን ሲለቅ እሳቸውም ከተማቸውን ጥለው ወጡ። ከቦታ ቦታ ከተዘዋወሩ በኋላ በ1780 ሃሊፋክስ ገብተው እዚያው ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። በዚያ ጦርነት ምክንያት ወደ ኖቫ ስኮሺያ የተሰደደው ሕዝብ 30,000 ያህል ይገመታል።

ጆሴፍ በመደበኛ ትምህርት ብዙ አልገፋም። በቤት ውስጥ አባቱ መጽሐፍ ቅዱስና የሼክስፒርን ድርሰቶች ያስነብቡት ነበር። በ13 ዓመቱ ማተሚያ ቤት ሥራ ገባ። በዚያ ዘመን አንድ ገጽ ለማተም የብረት ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀሙ መደርደር ያስፈልግ ነበር። ፊደል ለቃሚው የሚታተመውን ሁሉ ቃል በቃል ማንበቡ የግድ ነው። ለጆሴፍ ትምህርት ቤቱ ይኸው ሆነለት።

በ1827 መጨረሻ፣ በ23 ዓመቱ፣ «ኖቫስኮሺያን» የተባለውን ጋዜጣ ገዛ። በየገጠሩ እየዞረ ከገበሬውና ከዓሣ አጥማጁ ጋር ይጨዋወታል፣ የጋዜጣውን ዋጋ ይሰበስባል፣ ያየውንም ይጽፋል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ራሱ ተቀምጦ ክርክሩን እየመዘገበ ያትማል። የመንግሥትን አሠራር ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የ1835ቱ ክስ

በዚያን ጊዜ የሃሊፋክስ ከተማ ሕዝብ አስተዳዳሪዎቹን አይመርጥም ነበር። ከተማውን የሚያስተዳድሩትና ትናንሽ ክርክሮችን የሚዳኙት ከላይ የተሾሙ ሹማምንት ነበሩ። ጥር 1 ቀን 1835 «ኖቫስኮሺያን» ጋዜጣ «ሕዝቡ» በሚል ስም የተፈረመ ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው እነዚህ ሹማምንትና ፖሊሶች ባለፉት 30 ዓመታት በተለያየ ዘዴ ከሕዝብ ኪስ ከ30,000 ፓውንድ በላይ ወስደዋል ይላል። ሹማምንቱ ተቆጡ። ሃውም በስም ማጥፋት ወንጀል ተከሰሰ።

የነገሩ ክብደት ሕጉ ላይ ነበር። በዘመኑ ሕግ መሠረት በእንዲህ ያለ የወንጀል ክስ የታተመው ነገር እውነት መሆኑ ተከሳሹን ከቅጣት አያድነውም። «ያልኩት እውነት ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም ማለት ነው። ሃው ጠበቆችን ሲያማክር ነገሩ ተስፋ የለውም አሉት።

ታዲያ ምን ያድርግ? የሕግ መጻሕፍት ተውሶ ቤቱ ገባ። ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ስም ማጥፋት ሕግ የተጻፈውን ሲያነብ ሰነበተ። ከዚያም ያለ ጠበቃ፣ ራሱ ሊከራከር ፍርድ ቤት ቀረበ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ተናገረ። የተናገረው ግን ዝም ብሎ ስሜት የሚያነሳሳ ንግግር አልነበረም። መጀመሪያ ደብዳቤውን ያተመው በክፋት ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን አስረዳ። ቀጥሎ ስለ ግብር አሰባሰቡ፣ ስለ እስር ቤቱና ስለ ድሆች መጠለያው አያያዝ የሚያውቀውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። በመጨረሻም ፊት ለፊቱ ለተቀመጡት 12 ሰዎች ጋዜጣ ነጻ ካልሆነ ለልጆቻቸው ምን እንደሚያወርሱ እንዲያስቡበት ጠየቃቸው። እነዚህ ሰዎች ከሕዝብ መካከል ተመርጠው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚሉ ናቸው፤ ጁሪ ይባላሉ።

በማግሥቱ የመሐል ዳኛው ጽሑፉ በሕጉ ዓይን ስም ማጥፋት እንደሆነ ለጁሪው ነገሩት። ጁሪው ግን ወጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ተመካክሮ ተመለሰ። ፍርዱም ጥፋተኛ አይደለም የሚል ሆነ። ሕዝቡ ሃውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ከክሱ በኋላ

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሃው ነጻ ወጣ እንጂ ሕጉ በዚያ ቀን አልተለወጠም። የመንግሥቱም አሠራር ያው እንደነበረ ነው። ቅኝ ግዛቷን የሚገዛው ከለንደን የሚላክ አገረ ገዥ ሲሆን፣ የሚያማክሩት 12 ሰዎች በሹመት የተቀመጡ ነበሩ። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ቢኖርም፣ አማካሪዎቹን ሊያወርዳቸው አይችልም።

ሃው በ1836 ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። በ1837 ይህን አሠራር የሚተቹ 12 የውሳኔ ሐሳቦች አቀረበ። ጥያቄው በአጭሩ «የሚያስተዳድሩን ሰዎች ሕዝብ ለመረጠው ምክር ቤት ተጠያቂ ይሁኑ፤ የምክር ቤቱን አመኔታ ካጡ ይውረዱ» የሚል ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1837 እና በ1838፣ በጎረቤት ቅኝ ግዛቶች የጦር መሣሪያ ያነሱ ዓመፀኞች ተነስተው ነበር። ሃው ያን መንገድ አልተከተለም። በ1839 ለእንግሊዙ ሚኒስትር ለሎርድ ጆን ራስል ተከታታይ ግልጽ ደብዳቤዎች ጻፈ። ነገሩ ቶሎ አልተሳካም። በ1847 ምርጫ የእሱ ወገን አሸነፈ፤ በየካቲት 1848 ኖቫ ስኮሺያ ከባሕር ማዶ የእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ለምክር ቤት ተጠያቂ የሆነ መንግሥት አገኘች። ከክሱ እስከዚህ 13 ዓመት ፈጅቷል። የመሪነቱን ቦታ የያዘው ጄምስ ዩኒያክ ሲሆን፣ ሃው የአስተዳደሩ ጸሐፊ ሆነ።

የተሳሳተበትና የተሸነፈበት

ሰውየው ጉድለት አልነበረውም አንልም። በ1850ዎቹ ከአየርላንድ ከመጡ ካቶሊኮች ጋር ተጋጭቶ፣ በጥቂቶች የተናደደውን በማኅበረሰቡ ሁሉ ላይ ጻፈው። ብዙ ሳይቆይ የካቶሊኮቹ ተወካዮች ድጋፋቸውን ነሱና በ1857 የእሱ ወገን ከሥልጣን ወረደ። በብዕሩ ያገኘውን ክብር በዚያው ብዕር ጎዳው።

ሃው ከ1860 እስከ 1863 የኖቫ ስኮሺያ መሪ ሆኖ ሠርቷል። ሐምሌ 1 ቀን 1867 ካናዳ ስትመሠረት ግን ኖቫ ስኮሺያ ሕዝቧ በምርጫ ሳይጠየቅ ተቀላቀለች። ሃው በጥብቅ ተቃወመ። በዚያው ዓመት መስከረም በተደረገው ምርጫ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ከተመደቡት 19 መቀመጫዎች 18ቱን ተቃዋሚዎች አሸነፉ። ሃው በ1868 ለንደን ድረስ ሄዶ ውህደቱ እንዲሰረዝ ጠየቀ። አይሆንም ተባለ።

አሁንም ኃይል አልመረጠም። ለኖቫ ስኮሺያ የተሻለ የገንዘብ ድጎማ እንዲሰጥ ተደራድሮ፣ በ1869 ሲቃወመው ወደነበረው የፌዴራል መንግሥት ሚኒስትር ሆኖ ገባ። ብዙ የቀድሞ ወዳጆቹ «ከዳን» አሉት። በዚያ ክረምት ባደረገው የምርጫ ውድድር ቢያሸንፍም ጤናው ተጎዳ። በግንቦት 1873 የኖቫ ስኮሺያ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ቆይቶ ሰኔ 1 ቀን በአገረ ገዥው መኖሪያ ቤት አረፈ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ሳምንት በማንበብ ብቻ ማንም ሰው ሃውን አይሆንም። ያ ሳምንት የጠቀመው ከ13 ዓመቱ ጀምሮ በየቀኑ ያነብና ይጽፍ ስለነበረ ነው። የቸገረው ዕለት የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያወጣና እንዴት እንደሚያነበው ያውቅ ነበር። ማታ ማታ ደብተር የሚገልጡ ተማሪዎቻችንም የሚያጠራቅሙት ይህንኑ ነው።

ሃው የተከሰሰበት የፍርድ ቤት አዳራሽ ዛሬም ሃሊፋክስ ውስጥ አለ። አሁን የምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።