ጠርሙሱ የት አደረ?

በብክለት የወንጀል መዝገብ ውስጥ የባለሙያ ሪፖርት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ድምዳሜውን አይደለም። ውኃው ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደተቀዳ የሚናገረውን ገጽ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አላገኘውም።

አዳማ ለምንሠራ ጠበቆች ነገሩ ሩቅ አይደለም። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉበትን አካባቢ አልፎ ወደ ቆቃ ይወርዳል። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። እዚያ ግን የሚታሰር ሰው አልነበረም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 የተከሰሰ ሰው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም እስከ 10 ዓመት።

የተጠቃለለ የማስረጃ ሕግ የለንም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 136 ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ባለሙያዎቹን እንደሚያቀርብ፣ እነርሱም ቃለ መሐላ ፈጽመው እንደሚሰሙ ይናገራል። ሆኖም ባለሙያው ሳይቀርብ፣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ብቻውን ከመዝገቡ ጋር ሲያያዝ እናያለን። ተከላካይም ዝም ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከትና ምስክሮችን እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል፤ ወረቀት ግን መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም።

ባለሙያው ቢቀርብ ምን እጠይቀዋለሁ? ፒኤች የተለካው እዚያው ወንዙ ዳር ነው ወይስ ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ? ለጠቅላላ ክሮሚየም የሚቀዳ ውኃ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ለባዮኬሚካል የኦክሲጅን ፍላጎት የሚቀዳው ግን አሲድ አይነካውም፤ ምርመራው የሚፈልጋቸውን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላልና። ቀዝቅዞ ተይዞ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ዓርብ ከሰዓት ሞጆ ላይ ተቀድቶ ሰኞ አዲስ አበባ የደረሰ ጠርሙስ ስለዚህ መለኪያ ምን ሊነግረን ይችላል? ለክሮሚየሙ ግን፣ አሲዱ በጊዜው ከተጨመረ፣ መዘግየቱ ምንም አይደለም። ሪፖርቱን በሙሉ ውድቅ ይደረግልኝ ብሎ መጮህ ስለዚህ አይመቸኝም፤ አንዱ መለኪያ ሊወድቅ፣ ሌላው ሊቆም ይችላል። ዳኛ ይህን ልዩነት ከወረቀቱ ብቻ እንዲያወጣ መጠበቅ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም።

በስምጥ ሸለቆ ሌላም ጣጣ አለ። የከርሰ ምድር ውኃችን ፍሎራይድ በተፈጥሮው ብዙ ነው፤ የወንጂን ሰው ጥርስ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ ውጤት ይዞ ፋብሪካ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ ከከርሰ ምድሩ ድንጋይ የሚመጣውን ድርሻ መለየት ይጠበቅበታል። ክሮሚየም ከቆዳ ማልፊያ ጋር ስለሚያያዝ ጉዳዩ የቀለለ ይመስላል። አንድ ወንዝ ዳር ከአንድ በላይ ቆዳ ፋብሪካ ካለ ግን፣ ከተከሳሹ ቱቦ በላይና በታች የተቀዳ ናሙና የሌለው ሪፖርት ወንዙ መበከሉን ይነግረን ይሆናል እንጂ የማን ቱቦ እንደሆነ አይነግረንም።