ቢኖ (የልጆች መጽሔት)

ቢኖ በስኮትላንድ፣ በደንዲ ከተማ የሚገኘው ዲ ሲ ቶምሰን የተባለ ድርጅት የሚያሳትመው የልጆች የካርቱን መጽሔት ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በጁላይ 1938 ወጣ፤ ዋጋውም 2 ፔንስ ነበር። አስቸጋሪው ልጅ ዴኒስ ከ1951 ጀምሮ ከታወቁት ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እትሞች ዛሬ እንደልብ አይገኙም። ልጆች መጽሔቱን አንብበው ይለዋወጡት ወይም ይጥሉት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በብሪታኒያ ወረቀት ስላጠረ አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ይሰበሰብ ነበር፤ ቢኖም ዳንዲ ከተባለው እህት መጽሔቱ ጋር እየተፈራረቀ በየሁለት ሳምንቱ ይወጣ ጀመር። የመጀመሪያው እትም አንድ ቅጂ በ2004 በጨረታ 12,100 ፓውንድ አውጥቷል።

ሰብሳቢዎች ቅጂ ሲገዙ ገጾቹ መሟላታቸውንና ጠርዙ አለመቀደዱን ያያሉ። ጋዜጣ ሻጮች በየቤቱ ለማድረስ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ የጻፉት የቤት ቁጥር እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል። ይሁንና መጽሔቱን በናፍቆት ለሚሰበስብ ሰው ውድ የሆነው እትም በልጅነቱ ያነበበው ነው፤ ያ ቁጥርም መጽሔቱ በእርግጥ አንድ ልጅ እጅ ገብቶ እንደነበር ያስታውሰዋል።