ባለ ሦስት ቀዳዳው ቱቦ፤ የምጥ ሕመም ማስታገሻና የፈሳሾች ፊዚክስ

በምጥ ላይ ላለች እናት የሚሰጠው የኢፒዱራል ማስታገሻ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከፓምፑ ተነሥቶ ነርቮቹ ዘንድ እስኪደርስ የሚጓዝበት መንገድ የፈሳሾች ፊዚክስ ግዛት በመሆኑ እኛም የምንለው አለን። አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ በአንድ ጎን ሲታገሥ በሌላው ጎን እንዳለ ይቀራል። ከምክንያቶቹ አንዱ የካቴተሩ አሠራርና አቀማመጥ ነው።

ካቴተር ማለት ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በታችኛው ጀርባ በመርፌ አማካይነት ገብቶ፣ የአከርካሪ ገመድን ከሚሸፍነው ዱራ ከተባለው ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ይቀመጣል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ሌላው ጫፉ ዝግ ሆኖ በጎኑ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። ሦስት ቀዳዳ ከአንድ ይልቅ መድኃኒቱን በስፋት ያዳርሳል ብለን ለመፍረድ እንቸኩል ይሆናል። ነገሩ ግን በፍጥነቱ ይወሰናል።

በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ ፈሳሹ በዝግታ ሲገፋ በአብዛኛው የሚወጣው ለፓምፑ ቅርብ ከሆነው ቀዳዳ ነው። ፈጥኖ ሲገፋ ግን ከሦስቱም ይወጣል። ለምን? ፈረንሳዊው ዣን ፕዋዜይ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሕግ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ፍሰትና የግፊት ልዩነት ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት እንዳላቸው ይናገራል። በዚህ ሕግ ብቻ ብንሄድ የቀዳዳዎቹ ድርሻ በማንኛውም ፍጥነት አንድ ዓይነት በሆነ ነበር! (ተማሪዎች ይህን በወረቀት ላይ ቢያረጋግጡት መልካም ነው።) ልዩነቱን የሚያመጣው እያንዳንዱ ቀዳዳ ፈሳሽ ለማሳለፍ የተወሰነ መነሻ ግፊት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በዝግተኛ ፍሰት የመጀመሪያው ቀዳዳ ከተከፈተ በኋላ ግፊቱ ከዚያ አይጨምርም፤ የቀሩት ሁለቱ ሥራ ፈት ይሆናሉ።

በሰዓት 10 ሚሊ ሊትር ያለማቋረጥ የሚያንጠባጥብን ፓምፕ፣ ያንኑ 10 ሚሊ ሊትር በሰዓት 250 ሚሊ ሊትር ፍጥነት በአንድ ጊዜ ከሚልክ ፓምፕ ጋር እናነጻጽር። ሁለተኛው በ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይጨርሳል፤ በቱቦው ርዝመት የሚጠፋው ግፊትም 25 እጥፍ ይሆናል። በየጊዜው እንዲህ በመጠን የሚላክ መድኃኒት በብዙ ጥናቶች የማደንዘዣውን ፍጆታና ድንገት የሚመለሰውን ሕመም ቀንሷል። ስለዚህ ፓምፑንና ካቴተሩን ለየብቻ መገምገም፣ በእኛ አስተያየት፣ ግማሽ ሥራ ነው።

የተሠራበት ነገርም ይቆጠራል። በውስጡ የብረት ሽቦ ጥምጥም ያለው ለስላሳ ካቴተር ከግትሩ ናይሎን ይልቅ የደም ሥር የመብሳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። በዚህ ዓይነቱ ካቴተር ባለ አንድ ቀዳዳውም ከባለ ብዙ ቀዳዳው ጋር የሚተካከል ውጤት አሳይቷል።